ከሰዒድ ጋር ያጣላን ሙቀት

ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ከሰዒድ ጋር አንድ ክፍል ስንኖር የሚያጣላን ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ነበር። እኔ ሙቀት ስለማልችል አበርደዋለሁ፤ እሱ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ልታደርገኝ ነው?» ይለኛል። አንድ ቀን «ኸላስ! በቃኝ!» ብሎ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ክርኔ ላይ ቅርፊት የሚያወጣብኝን ሶሪያሲስ ላሳይ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ አንገቴን ይዳብሰኝ ጀመር። «ዶክተር፣ የሚያሳክከኝ እኮ ክርኔ ነው!» አልኩት። «ይህ የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው አንዳንዴ የአንገት እጢውም፣ ታይሮይዱ፣ ይታመማል። እሱ ከልክ በላይ ሲሠራ ሙቀት አያስችልም» አለኝ። ደሜ ሲመረመር እውነቱን ሆነ።

ወዲያው ሰዒድ ጋ በኢሞ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ በሽታ ሆኖብኝ ነው እንጂ እልህ አልነበረም። ተመለስ።»

እሱም፣ «ምነው ቀደም ብለህ በተመረመርክ! አንተ ካልቻልከኝ ሪያድ ውስጥ ማን ይችለኛል ብዬ፣ ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለህም ብለው አሳፍረውኝ አገሬ ገባሁ እኮ» አለኝ።