ቅልና ራስ ቅል

ጠብ ወዳለበት ቦታ እግሬ ሳያማክረኝ ነው የሚወስደኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ጠብ ፍለጋ አልወጣሁም። መምህር ነኝና፣ ለትምህርት ቤታችን በሚሠራው ባለ ፎቅ ሕንፃ መስኮቶቹ ብርሃን የሚያስገቡት በግራ በኩል መሆኑን ለማየት ነበር የሄድኩት። በቀኝ ከገባ የተማሪው እጅ ጥላ ደብተሩ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ደግሞ ከመምህር በቀር የሚያስብለት የለም።

የግንባታው በር ላይ ስደርስ ዘበኛው አንድ ቢጫ የራስ መከላከያ ኮፍያ ጭንቅላቴ ላይ ደፋልኝ። ሰፊ ስለነበር እስከ ጆሮዬ ወረደ። ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ግራ ቀኝ ገልመጥ ብዬ ወደ ውስጥ ጥቂት እንደተራመድኩ፣ ከኋላዬ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁና ተመለስኩ።

አንደኛው ግንበኛው ጋሽ ቱንቢ ነበሩ። ቱንቢ የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙ የወጣላቸው ግድግዳቸው ዝንፍ ስለማይል ነው፤ በክርክርም እንዲሁ ዝንፍ አይሉም። ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ ሽበታቸው ተበጥሮ፣ ውሃ ልካቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። በፊታቸው መንገዱን የዘጋችው ደግሞ የግንባታው የደህንነት ኃላፊ፣ የገዛ ልጃቸው ናት። አንድ ኮፍያ ራሷ ላይ፣ አንድ ኮፍያ እጇ ላይ አለ።

«እንኳን መጡ መምህር» አሉኝ ሽማግሌው። «ይፍረዱን። ይህን ሕንፃ ከመሠረቱ ያነሣሁት ሰው በወለድኳት ልጅ ተከልክዬ በር ላይ ቆሜያለሁ።»

«ይህን ያድርጉና ይግቡ ነው ያልኩት፣ አባባ» አለች ልጅቱ ኮፍያውን እየዘረጋች።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ቀን የዋናው ደረጃ ኮንክሪት ሊሞላ ነው። ጋሽ ቱንቢ ከዚህ ደረጃ በኋላ መሣሪያቸውን ሊሰቅሉ ለሚስታቸው ቃል ገብተዋል፤ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ በእጃቸው ያበጁት እሳቸው ናቸው። ማደባለቂያው ከውስጥ እየዞረ ነው፣ ኮንክሪት ደግሞ ሽማግሌ ነው ብሎ አይጠብቅም። ልጅቱ በበኩሏ አባቷን እንዲሁ ብታሳልፍ፣ ነገ ሌላውን ሠራተኛ የምታስቆምበት አፍ አይኖራትም። ለሁለቱም አዘንኩላቸው።

«ራስ ሳይጠና ጉተና» አሉ አባት። «እኔ ድንጋይ ስፈልጥ ይህ ፕላስቲክ የት ነበር? ኮፍያ አልነበረም፤ ሰው ግን ነበር።»

«ሰው ነበር፤ የጎደለም ነበር። ከጆሮዎ በላይ ያለው ጠባሳ ከየት መጣ?»

«ትንሽ ጠጠር ነካ አድርጋኝ ነው።»

«እማማ ጡብ ነው ትላለች። ያን ሰሞን ስሟ ጠፍቶብዎት 'አንቺ' እያሉ ነበር የሚጠሯት።»

«ዛሬስ ምን ብዬ ነው የምጠራት?»

ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጎጆው ገባ። እኔ መደበቂያ ስላልነበረኝ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ጎተትኩ።

«ጋሼ፣» አልኩ ድምፄን አለሳልሼ፣ «ኮፍያው ይከብዳል እንዴ? ወይስ ይሞቃል?»

«መክበዱንም መሞቁንም ይተዉት መምህር። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ሰው በኮፍያ ሰላምታ አይሰጥም። ይህን ሙያ ያስተማርኳቸው ሁሉ ታላቅ ሲያዩ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ እኔም ለሰው ሁሉ እንዲሁ አደርጋለሁ። አሁን በስተርጅና እንደ ድስት ክዳን ደፍቼ ሰው ፊት ልቁም?»

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። «አባባ፣ እዚህ ግንባታ ላይ የምፈራው ሰዓት የቱ እንደሆነ ያውቃሉ? እርስዎ የሚገቡበት ሰዓት ነው። እርስዎን ያየ ሁሉ ኮፍያውን ያወልቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው እንኳ፣ ርብራቡን የያዘበትን እጅ ለቆ ያወልቃል። እርስዎ እስኪያልፉ ድረስ የተሸፈነ ጭንቅላት አላይም።»

«ይህማ መከበር ነው።»

«መከበር ነው። እኔ ግን ክብርዎ ሰው እንዳይገድል እሰጋለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ በውሃ ልካቸው እያመለከቱ። «እኔ እዚህ ባዳ አይደለሁም። ይህ ቤቴ ነው። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል።»

«እሱ ተረት ስለ ቅል ነው፣ አባባ። ስለ ራስ ቅል የሚናገረው የለም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ መሳቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መልሱ መልስ ነበር። ጋሽ ቱንቢ በኔ ሳቅ ተቆጥተው ልጃቸውን በክንዳቸው ገለል አደረጉና ወደ ውስጥ ገቡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈጥኜ ከፊታቸው ቆምኩ።

በዚህ ጊዜ ከላይ ርብራቡ ላይ ያሉት ሠራተኞች አዩአቸው። «ጋሽ ቱንቢ፣ እንደምን አደሩ» የሚል ድምፅ ከየፎቁ ወረደ፣ ኮፍያዎቹም ሁሉ ተነሡ። አንዱ ለሳኝ እጁ በሲሚንቶ ርሶ ነበርና ኮፍያው አዳለጠው። ሣንቃ ላይ ነጠረ፣ ብረት መታ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መጥቶ መሐል አናቴ ላይ ቋ አለ።

ኮፍያ በኮፍያ ላይ ወደቀ ማለት ነው። አሸዋ ላይ ዘጭ ብዬ ቁጭ አልኩ። አልተጎዳሁም፤ ብቻ የመጀመሪያው ቃሌ «መስኮቱ በግራ ነው?» የሚል ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

ጋሽ ቱንቢ ውሃ ልካቸውን ጥለው ተንበረከኩ። ኮፍያዬን አንሥተው አናቴን በጣቶቻቸው ዳበሱ፤ ደም ፈልገው አጡ። ከዚያ ኮፍያውን አገላብጠው ላዩ ላይ ያለውን ጭረት ትክ ብለው አዩት።

ለሳኙ እየሮጠ ወርዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት። «ተነሥ። አንተ ያስተማርኩህን ነው ያደረግከው። ይህች ኮፍያ የመጣችው ለኔ ሰላምታ ነበር፤ የተቀበሏት ግን እንግዳችን ናቸው። መምህሩ እንደኔ ባዶ ራሳቸውን ቢሆኑ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ ሰው ገድዬ ነበር።»

ልጅቱ «አላልኩም ነበር?» አላለችም። ቃሉ አፏ ላይ እንደነበር አይቻለሁ፤ ዋጠችው። ካስረዳችው ሁሉ ይልቅ ያን ዝምታዋን ወደድኩላት። ሰውን ማሳመን የሚፈልግ፣ ያ ሰው ሲያምን ዝም ማለትን ይማር።

ጋሽ ቱንቢ ተነሥተው በፊቷ ቆሙና ሽበታቸውን ዝቅ አደረጉላት። «በይ አምጪው።»

ኮፍያውን አደረገችላቸው፤ ማሰሪያውን ከአገጫቸው ሥር ስትቆልፍ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ብዙ አታጥብቂው» አሏት። «ገና ብዙ የምከራከርበት አገጭ ነው።»

ከዚያ ወደ ላይ አንጋጠው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጆቼ፣ ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሰላም የምትሉኝ በአፋችሁ ነው። እጃችሁ የያዘውን ይያዝ፤ ኮፍያውም ባለበት ይሁን። እዚህ ግቢ ውስጥ ራሱን ገልጦ ያየሁት ሰው ሰድቦኛል፤ እንደ ስድብ ነው የምቆጥርበት።»

«እሺ ጋሼ» አሉ ከየፎቁ። ደንቡ በሩ ላይ ተለጥፎ ከከረመበት ጊዜ ሁሉ ይልቅ በዚያች ደቂቃ ሥር ሰደደ። እኔም ለሰው አዲስ ሥርዓት ስታመጣለት የቆየ ክብሩን አትንጠቀው፣ ክብሩን ወደ አዲሱ አሻግርለት የምለው ይህን አይቼ ነው። አባትየው የኮፍያ ጠላት አልነበሩም፤ ኮፍያ አድርጎ መከባበር የሚቻል አይመስላቸውም ነበር እንጂ።

ደረጃው በዚያው ቀን ተሞላ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሥራ ሚስማርም ጠጠርም መውደቁ አልቀረም፤ ነፋስ ባለበት ቀን አንድ የሣንቃ ቁራጭ የአናጺውን ኮፍያ ሰነጠቀው። አናጺው ከመጋዘን ሌላ ኮፍያ ወስዶ ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ማታም ቤቱ ገብቶ ከልጆቹ ጋር ራቱን በላ። የተሰነጠቀ ራስ ቅል ቢሆን ኖሮ የሚተካው ከየትኛው መጋዘን ነው? ሕንፃው ሲያልቅ ሥራውን የጀመሩት ሁሉ በእግራቸው ቆመው ጨረሱት። ሚስቶቻቸው ባሎቻቸውን በሙሉ ጤና፣ ልጆቻቸውም አባቶቻቸውን በሙሉ ልቦና አገኙ። መስኮቶቹም በግራ ናቸው።

ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስና፣ የደረጃው ቅርጽ እንጨት የተነሣ ዕለት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ደረጃው አምሮ፣ ጠርዙ እንደ ተሳለ ሆኖ ብቅ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ከበበው፤ በግንበኞች ዘንድ በደረጃ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የሠራው ሰው ነውና ለጋሽ ቱንቢ መንገድ ለቀቁላቸው።

እሳቸው ግን ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ቅደሚ» አሏት።

«ኧረ አባባ፣ ደረጃው የእርስዎ ነው።»

«ደረጃው የኔ ነው» አሉ ጋሽ ቱንቢ። «ያሰበው ጭንቅላት ግን አንቺ ያቆየሽልኝ ነው። ውጪ፣ ልጄ፤ እኔ እከተልሻለሁ።»