የሰባተኛዋ ልጅ ቁራሽ

መጀመሪያ መሬታችንን ላቀናው የዘር አባታችን መታሰቢያ በየዓመቱ ታች ጋይንት እንሰበሰብ ነበር። ዳቦው በሰባት ልጆቹ ልክ ሰባት ቦታ ይቆረስና እያንዳንዱን ቁራሽ የየልጁ ዘር ያነሣል። የሰባተኛዋ ዘር በክፉ ቀን ተሰዶ ስለጠፋ የእሷን ድርሻ ለቆሎ ተማሪዎች እንሰጣለን። ታዲያ አንድ ዓመት ዳቦውን ልንቆርስ ስንል ከእስቴ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ፣ «እኔ የሰባተኛዋ ዘር ነኝ» አይሉም መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። ያኔ ርስት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነው፤ መሬት ፈልገው እንጂ ዘመድ ናፍቋቸው ነው ብዬ አላመንኩም። «እስቲ ይቁጠሩ!» አልኳቸው፣ ውሃ እንኳ ሳላቀምሳቸው።

ዘንጋቸውን ተደግፈው ከእናታቸው ጀመሩ፤ አንድም ሳይስቱ ስምንተኛው ላይ አባታችን ዘንድ ደረሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አሁን ደግሞ አንተ ቁጠርልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ስሙ ጠፋብኝ። ታላቅ ወንድሜን ባየው እሱም አቀርቅሯል።

«ወለተ ሥላሴ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እርስዎ የእኔን በምን አወቁ?»

«እናቴ የሰባቱንም ዘር አስጠንታናለች። በማን ደጅ እንደምትወድቁ አይታወቅም ትለን ነበር። መሬትስ እስቴ አለኝ፤ ሳልሞት ልጆቼን ዘመድ ላግኝላቸው ብዬ ነው።»

ቁራሻቸውን አነሡ። ተማሪዎቹ ሲመጡ የራሴን ሰጠኋቸው። «በወለተ ሥላሴ ስም ጸልዩ» አልኳቸው፤ ስሟንም ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ ዳግመኛ እንዳይጠፋብኝ።