የኦቦ ዩሱፍ ቱቦ

ከበደሳ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ ሾፌሩ፣ አንድ የጫት ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ለኩላሊት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆነው የመጡት ኦቦ ዩሱፍ፣ ሚስታቸው አዴ ፋጡማ፣ እኔና ትኩሳቷ በኪኒን የበረደላት ልጄ ነበርን።

«ኦቦ ዩሱፍ፣ ዛሬ ለሽንት መኪና አላስቆሙም» አላቸው ነጋዴው።

«አልሐምዱሊላህ! ሐኪሙ የሰጠኝን ኪኒን ከጀመርኩ ማቃጠሉም ማጣደፉም ቀረ። ድኛለሁ።»

«ሐኪሞቹ ሽንትህ እንዲያልፍበት ብለው ውስጥህ የተዉት ቱቦስ?» አሉ ሚስትየው።

«ኪኒኑ አሟሙቶት ይሆናላ።»

«ላስቲክ በኪኒን ይሟሟል? ዝም አሰኘው እንጂ አላወጣውም። እናወጣዋለን ብለው ቀጥረውህ የለም?»

«ያላመመኝን ምን ልሁን ብዬ ልሂድ?»

ሚስትየው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «እኔ ይሄን ኪኒን አላምነውም። አፉን አድርቆበት ጫት እንኳ አልጥም ብሎታል።»

ነጋዴው ሳቀ። «ጫት ካልጣማቸውማ እውነትም አልዳኑም!»

ኦቦ ዩሱፍ ግን የሚስታቸውን ጥቅል አተኩረው ያዩ ነበር።

«ፋጡማ፣ ገበያ ነው የምንሄደው አላልሽኝም? ለገበያ ይሄ ሁሉ ስንቅ ምንድን ነው?»

«የአዲስ አበባው አውቶቡስ እንዳያመልጠን ዝም በል።»

እኔ የልጄንም ትኩሳት ኪኒኑ ዝም አሰኝቶት ብቻ እንዳይሆን ብዬ ግንባሯን ደግሜ ዳሰስኩ። የኦቦ ዩሱፍ ቱቦ መውጣቱን የሰማ ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።