መምህር ምንይሉ ስለ ኀዘን ጠይቀውኝ ስለመለስኩት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አመተሥላሴ ገብረ አማኑኤል
ዕድሜ፦ 66 (በግምት)
አድራሻ፦ መሐል ሜዳ ዙሪያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2001 ዓ.ም

መምህር ምንይሉን አውቃቸዋለሁ። የልጅ ልጄን ጽናትን ሒሳብ የሚያስተምሩ ናቸው። ጠብም ዝምድናም የለንም።

ባለፈው ጥር፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት ከቤቴ መጡ። “እማማ፣ ስለ ሰው ሐሳብና ኀዘን ለሚያጠና ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስም አይጻፍም” አሉኝ። ይቀመጡ አልኩ። በዚህ ወር ከፍቶዎት ያውቃል ወይ ሲሉኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። እንቅልፍ እምቢ ብሎዎትስ? ተመስገን። እህል አልበላ ብሎዎትስ? ተመስገን አልኩ። ጥቁር ለብሼ ነበርና ቀና ብለው አይተውኝ “እማማ፣ የለም ብዬ ልጻፍ?” አሉ። ይጻፉ አልኩ፤ ጻፉ።

ከዚያ ጎረቤቴ ጥሩሸዋ ዘንድ ገቡ። በአጥር ሰማሁ፣ እሷም ተመስገን ስትል ዋለች። እንግዳ ደጅ ድረስ መጥቶ ደህና ነሽ ወይ ሲል ብሶቷን የምትዘረግፍ ሴት በእኛ አገር የለችም። መንደሩን ቤት ለቤት አዳርሰዋል። የጎረቤታችን የአባይነህ ውሻ ሱሪያቸውን ቀዶት በመርፌ የጠቀምኩላቸው እኔ ነኝ። ቤቱ ተቀምጦ ከራሱ የሚጽፍ ሰው ሱሪውን ውሻ አይቀድበትም።

መምህሩ ያንኑ መልስ ሰሌዳ ላይ አውጥተው አማካይና ልዩነት የሚሉትን ሒሳብ ለተማሪ ሲያስተምሩ፣ የሴቶቹ መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ጽናት እንደነገረችኝ አንዱ ተማሪ “መምህር፣ የመንዝ ሴት አታዝንም እንዴ?” ብሎ ክፍሉ ሳቀ። ወረቀቱ ጥናቱን ለሚመሩት ለአቶ ዳኜ ሲደርስ ግን እሳቸው አልሳቁም። ሰው ሳይጠይቅ ከራሱ አውጥቶ ሞላው ብለው ከሰሱ። መምህሩ በዚህ ምክንያት እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ታስረዋል።

መርማሪው ምክትል ሳጅን ባስልዮስ “ታዲያ በዚያ ወር ደህና ነበሩ ወይ?” ብለው ጠየቁኝ። ለመምህሩ የመለስኩት ለእንግዳ የሚመለሰውን ነው። እዚህ ግን ሰው የሚታሰርበትና የሚፈታበት ስለሆነ እናገራለሁ። ከጥምቀት በፊት ልጄን መኳንንትን፣ የጽናትን አባት ቀብሬያለሁ። መምህሩ ሲመጡ አርባው አልወጣም ነበር። እንቅልፍ እስከ ዛሬ የለኝም። እህሉንም ጎረቤት እያየኝ ነው የምጎርሰው። ይኸን በመምህሩ ወረቀት ላይ አቃንተው ሰውየውን ይልቀቋቸው። የጥሩሸዋን ራሷን ይጠይቋት፤ የሷን ኀዘን እኔ አልናገርም።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ነው፣ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። መፈረም ስለማልችል የአውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ________
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ባስልዮስ፣ ፊርማ ________