የተወረሰችው የእሳት አደጋ መኪና

በአብዮቱ ሰሞን ከጋሽ መኮንን የእንጨት መሰንጠቂያ አሮጌዋን የእሳት አደጋ መኪና ለቀበሌው ስንወርስ ሾፌሩ እኔ ነበርሁ። «ፓምፗ አመል አላት፤ ና ላሳይህ» አሉኝ። ከተወረሰ ሰው ጋር ቆሞ ማውራት ያስጠይቅ ነበርና ቁልፉን ብቻ ተቀብዬ ሄድሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጣና ዳር የአንዲት ባልቴት ቤት ተቀጣጠለ። ቱቦውን ሐይቁ ውስጥ ነከርሁ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ጋሽ መኮንን ከሰዉ መሀል ወጥተው አንድ ባልዲ ውሃ ፓምፑ ውስጥ ገለበጡና ክዳኑን ጠበቅ አደረጉ። «መጀመሪያ ካላጠጣሃት አትስብም» አሉኝ። ውሃው ወዲያው መጣ፤ ጣራው ግን ወድቆ ነበር። ባልቴቷ ያም ሆኖ እኔን መረቁኝ። ቁልፉን ለጋሽ መኮንን ዘረጋሁላቸው። «የሕዝብ ናት እኮ» ብለው ወደ ቤታቸው አዘገሙ።