ክልልና ፌዴራል ባንድ ጀልባ

እናቴ የምትኖረው ጣና ውስጥ ካለች ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ከጀልባ የምንወርድበት የእንጨት ርብራብ በስብሶ ስለነበር አንድ ቀን አዳለጣትና ወድቃ እጇ ተሰበረ። እኔ ባሕር ዳር ነው የምሠራው፤ ተናድጄ ወደ ክልሉ ቢሮ ሄድሁ። «ውሃ ላይ ለመገንባት የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል» አሉኝ። ፌዴራሎቹ ዘንድ ሄድሁ። «ክልሉ ሳይጠይቀን ምን ብለን እንፍቀድ?» አሉኝ። ሲያመላልሱኝ ክረምቱ ሊገባ ሆነ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ኃላፊዎች ለምኜ ባንድ ጀልባ ይዣቸው ሄድሁ። ርብራቡ ከእግራቸው ሥር ሲንቋቋ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። መሬት ሲረግጡ ግን «ይሄ የእናንተ ነው፣ ያ የእኛ ነው» መባባል ጀመሩ። እናቴ የታሰረ እጇን ደግፋ ጠጋ አለቻቸው።

«ልጆቼ፣ እኔ የወደቅሁት በማንኛችሁ ግዛት ነው?»

 የክልሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «ግንባታው የእኛ ሥራ ነው እማማ፤ ነገውኑ ፈቃድ እንጠይቃለን» አለ። የፌዴራሉም ቀበል አድርጎ፣ «ይጠይቁን እንጂ እኔ አላዘገየውም» አለ። እኔ ግን በቃል ብቻ አላመንሁም፤ በማግሥቱ ጧት ሁለቱም ቢሮ በር ላይ ተገኘሁ።

ዝናቡ ሳይጠና አዲሱ ርብራብ ቆመ። እናቴ ወደ ከተማ ልትሻገር ማንም ሳይደግፋት፣ ቀጥ ብላ እየረገጠችው ስትመጣ ጀልባው ላይ ሆኜ አየኋት። እንደ ሠርገኛ እልልታዬን አቀለጥሁት፤ ተሳፋሪው ሁሉ አጀበኝ።