ባለ ሦስት ጣቱ ምርጊት

ጣሊያን ለካሚዮኑ መግቢያ ብሎ እስከ ቤታችን ጥግ ድረስ ድንጋይ ሲያነጥፍ፣ በንጣፉና በቤቱ መሠረት መካከል ክፍተት ቀረ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በዚያ እየገባ ጎታችንን አራሰው። ባለቤቴ ጭቃ በጭድ አቡክቶ ክፍተቱን በእጁ ደፈነው። ሌባ ጣቱን በልጅነቱ ማጭድ ወስዶበት ስለነበር ምርጊቱ ላይ በአራት ጣት ፈንታ የሦስት ጣት ፈለግ ቀረ። በመስከረም አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ገባ፤ አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ክረምት ምርጊቱ ተሰነጠቀና ለዘር ያስቀመጥኩት ጤፍ ሊበሰብስ ሆነ። ሽማግሌው ጎረቤቴ አያ ደምሌ ጭቃ አቡክተው፣ ዶማ ይዘው መጡ። ምርጊቱን ሊያፈርሱ ሲሉ ሄጄ ፊቱ ቁጭ አልኩ።

«አያ፣ ይኼን አይንኩብኝ፤ በላዩ ይለጥፉበት።»

«እርጥብ በደረቅ ላይ አይዝም፣ እታለም። ግድግዳው ቢወርድ ልጆቹን የት ልታሳድሪ ነው?»

«መቃብሩን እንኳ አላየሁም። የእጁ ፈለግ ያለኝ እዚህ ብቻ ነው።»

ዶማቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። «ይጣል ማን አለሽ?» አሉ። «የቆየ ጭቃ ለአዲሱ እርሾው ነው። ይልቅ ቀሚስሽን ሰብስቢና ርገጪ።»

ዶማውን ትተው የድሮውን ምርጊት በእጃቸው እየፈረፈሩ አዲሱ ጭቃ ውስጥ ጨመሩት። እኔም እያለቀስኩ ረገጥኩት። መመረጉን ለእኔ ተዉልኝ።

ክፍተቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመርግ ሌባ ጣቴን አጥፌ ነበር። አያ ደምሌ አዩኝና ጭቃ ማቀበላቸውን ቀጠሉ።